ዜሮ ሰባት አማቾች

ድረ ገጽን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨር፣ የገባና የወጣበትን ሁሉ ሳይመርጥ ይመዘግባል፤ መዝገቡን ሎግ ይሉታል። ሊዲ አዳማ ላይ እንጀራዋ ከዚያ ዝብርቅርቅ ውስጥ የሚፈለገውን ብቻ ለቅሞ የሚያወጣ ቀመር መጻፍ ነው፤ ሬጄክስ ይባላል። አባቷ የቆቃ ዓሣ አጥማጅ ነበርና፣ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት በመረብ ታስረዳለች፤ ቀዳዳው ልኩን ካገኘ የሚፈለገው ይቀራል፣ ሌላው ያልፋል።

ሠርጓ ሲቃረብ እንግዶች ስልካቸውን አስገብተው መምጣታቸውን የሚያሳውቁበት ድረ ገጽ ሠራች። ድግሱም አውቶቡሱም በዚያ ልክ ሊሆን ነው። ገጹ ግን ተበላሽቶ መልሱን ሁሉ በላው፤ የተረፈው ሎጉ ነው። ሊዲ አልደነገጠችም። ዜሮ ዘጠኝ፣ ከኋላው ስምንት አሃዝ ብላ ጻፈች፤ ስልኮቹ ተግተልትለው ወጡ።

እናቷ ወይዘሮ እናትነሽ እየተቀበሉ ደወሉ። የወንጂ አክስት፣ የመተሐራ አጎት፣ ዕድርተኛው፤ ሁሉም የሙሽራዪቱ ወገን። ከሙሽራው ከፈይሳ ዘመዶች፣ ከአርሲ ነገሌ፣ አንድም ሰው የለም።

ወይዘሮ እናትነሽ ፊታቸው ጠቆረ። ሽማግሌ ልከው፣ በልተውና መርቀው የሄዱ ሰዎች ምን አስቀየማቸው? አማች የቀረበት ሠርግ ከለቅሶ በምን ይሻላል? እስኪጣራ ይዘግይ አሉ። ፈይሳ ተጠርቶ መጣ።

«ልጄ፣ ዘመዶችህ ጠሉን እንዴ?»

«ኧረ እማማ፣ እነሱማ ጭፈራውን ካሁኑ ጀምረዋል።»

ለማረጋገጥ ሻሸመኔ ላለው አጎቱ ለባጫ ደወለ። ሊዲ በትከሻው ላይ አጮልቃ ቁጥሩን አየችና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ባጫ ሲም ካርድ ይሸጣል፤ አዲሱ መስመር ሲመጣ ከሕፃን እስከ አሮጊት የዘመዱን ስልክ በሙሉ ወደ ዜሮ ሰባት አዙሮታል። ሊዲ ባደገችበት ዘመን ደግሞ የእጅ ስልክ ማለት ዜሮ ዘጠኝ ነው፤ ሌላ መኖሩን ብታውቅም እጇ አላወቀም። ሰው ሊፈልግ ሲወጣ መረቡን የሚሠራው በለመደው ዓሣ ልክ ነውና።

ከዘጠኙ ጎን ሰባትን ጨመረችና ቀመሩን እንደገና አስኬደችው። የፈይሳ ወገን እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ስክሪኑ ሞላ፣ ተንከባለለ፣ አላቆም አለ። ፈይሳ እያጨበጨበ ይቀበለዋል፤ ሊዲ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ሠርጉ በቀኑ ሊሆን ነው።

ወይዘሮ እናትነሽ መነጽራቸውን አድርገው የሚወርደውን ዘመድ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። ቀጥሎ የድስቶቻቸውን ስፋት ያሰቡ መሰሉ።

«ሊዲዬ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የመረቡን ቀዳዳ ትንሽ ብታሰፊውና ጥቂቱ ቢያመልጥ ምናለበት?»