የቀይ ችካሉ ሜዳ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጎንደር ፒያሳ በጭነት ማኪና ተነሣሁ። ከሾፌሩ አጠገብ ለሚቀመጥ ሁለት ብር፣ ከጨው ጆንያው ላይ ለሚወጣ አንድ ብር ነው። የመንግሥት ቀያሽ ነኝና ሁለቱን ከፈልኩ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ አዲስ ሰፈር ልትሠራ ፕላን አቅርባለች፤ ቦታው ለሰው አደጋ እንደሌለበት አይቼ እንዳጸድቅ ታዝዣለሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ነዋሪዎቿ ደጋግ ናቸው፤ በሹማቸው ጥፋት እነሱ መታማት የለባቸውም።

ደብዳቤው የሚያዘው ቀላል ነበር፤ የቤንዚን መጋዘኑ ከቤቶቹ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የመንገድ ሠራተኞች ድማሚታቸውን የት እንደሚያስቀምጡ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ማየት። ከመሬቱ ሥር ስላለው ነገር አንድም ቃል አልነበረበትም።

ወለቃ ላይ ሾፌሩ ለሚስቱ ድስት ሊገዛ ወርዶ ግማሽ ሰዓት አስቆመን። ሸክላ ሠሪዋ ሳቀችበት። «ማኪና የሚያህል ነገር እየነዳህ በስሙኒ ትከራከረኛለህ?» ከዚያ ዳገቱ ተጀመረ፤ ብርዱም አብሮ። አምባ ጊዮርጊስ ትኩስ የባቄላ ንፍሮ በዐሥር ሳንቲም በላሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም፣ ሁሉም ባላምባራስ የሚላቸው ወፍራም ሰው፣ ጥሩ አልጋና ጥሩ እራት አዘጋጅተው ጠበቁኝ።

ማክሰኞ

መጀመሪያ መጋዘኑን አየሁ። የቤንዚን በርሜሎቹ ከአንዲት አረቄ አውጪ ጓሮ ጋር ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ እሳት ታነዳለች። «ይህ በአስቸኳይ ይነሣ!» ስል ባላምባራስ «ይነሣል ጌታዬ» አሉ። ምንም አልተከራከሩኝም። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ከዚያ አዲሱ ሰፈር ወደሚሠራበት ሜዳ ወጣን። በጥር ወር ደጋ ላይ ከብት ያልጋጠው ሣር አይገኝም። ዙሪያው ሁሉ እስከ አፈሩ ተግጦ ሳለ እዚያ ብቻ እስከ ጉልበት የሚደርስ የደረቀ ሣር ቆሟል። በመሀሉ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች በሁለት ረድፍ ተተክለዋል።

«ማን ቀየሰው?» አልኩ።

«ጣሊያን ራሱ! ችካሉን ተክሎልን ሄደ፤ እኛም ፕላኑን በዚያው ልክ ሳልን። የቀያሽ ድካም ተረፈን» ብለው ሳቁ።

እኛ ቀያሾችም ችካላችንን ቀይ እንቀባለን፤ ነገር ግን ቁጥር እንጽፍበታለን። ይህ ቁጥር የለውም። «ሣሩስ ምነው አልተጋጠ?» አልኳቸው።

«ለከተማው ተጠብቆ ነው።»

«ማን ጠበቀው? የጠበቀውስ ፈንጂው ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ አያ መኮንን ይባላሉ።

ባላምባራስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እሱን ተወው። መሬቱ ለከተማ ስለተወሰደበት ነው። ሰው አስፈራርቶ ለግጦሽ ሊያስቀረው ይፈልጋል።»

ሽማግሌው በሜዳው ዳር ዳር መሩኝ። ጎርፍ አፈሩን በሸረሸረበት ቦታ በዱላቸው አመለከቱኝ። የዛገ የብረት ሣጥን ጠርዝ ከአፈሩ ብቅ ብሏል።

«ጣሊያን በቀበረው ፈንጂ ጥቁር በሬዬ የተበጣጠሰው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ፣ ጣሊያን አይደለም፣ የእኛ ወታደሮች መጥተው ችካሉን ተከሉ። ከቀዩ ወዲያ አትለፉ አሉን፤ ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ።»

«ታዲያ አያ መኮንን፣ ለምን አላመለከቱም?»

«ምነው ልጄ! ሦስት ጊዜ አመለከትሁ እንጂ። አንዱንማ በእግሬ ሄጄ ጎንደር አድርሻለሁ።» ወደ ሜዳው ዞሩ። «ነገ ልጄ ዓለምነሽና ባሏ እዚህ መሠረት ሊቆፍሩ ነው፤ ከዕጣው ቁጥር ሰባት ቦታ ደርሷቸዋል። አባትሽ ለመሬቱ ብሎ ነው ብለው ባላምባራስ አሳምነዋት እኔን አትሰማኝም።»

ያን ማመልከቻ አውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። «ከብቴን የፈጀ መሬት» የሚለውን አንብቤ፣ ጥግ ላይ «የርስት ክርክር ስለሆነ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ምሳ በላሁ። በባላምባራስ ከተናደድኩት ይልቅ በራሴ የተናደድኩት በለጠ።

ቁፋሮው ይቁም ብዬ ባላምባራስን ለመንኳቸው፤ ጮኹብኝ። «የመጀመሪያውን ድንጋይ የሚያኖሩ ትልቅ ሰው ጠርተናል! በግ ታርዷል!»

«በግ ታርዷል ተብሎ ሰው ይታረድ?» አልኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

ረቡዕ

በማለዳ፣ የተጠሩት ትልቅ ሰው ገና ሳይደርሱ፣ ሕዝቡ ዶማና ድንጋይ ይዞ መጣ። ዓለምነሽ ትልቅ ድንጋይ ተሸክማ ከፊት ቆማለች። ስለ ማመልከቻው፣ በእኔ እጅ ስለተጻፈበትም ለሁሉም ተናገርኩ። አጉረመረሙ፤ ግን አልተመለሱም። የማዘጋጃ ቤት ሹም ከአንድ ገበሬና ከአንድ ወረቀት ጸሐፊ ይበልጥ ይታመናል።

ያኔ ፕላኑን ዘርግቼ ብዕሬን አወጣሁ። «ባላምባራስ፣ አሁኑኑ አጸድቃለሁ። ከዚህ ችካል እስከዚያ ችካል ብቻ ይራመዱልኝ።»

ሕዝቡ ወደ ባላምባራስ ዞረ። ባላምባራስ ሣሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ።

«ጫማዬ አዲስ ነው» አሉ።

ያውቁ ነበር! ቀድሞውኑ ያውቁ ነበር! ዓለምነሽ ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ አባቷ ሄደች፤ ጉልበታቸውንም ሳመች። ባሏ ዶማውን ትከሻው ላይ መለሰ። አንድ በአንድ ሁሉም ተመለሱ። እኔም ፕላኑ ላይ «አይሠራበትም፤ ፈንጂ የሚያነሡ ወታደሮች ይላኩ» ብዬ ፈረምኩ።

ማታ ጎንደር ገባሁ። አደጋን በሜትርና በደብዳቤ ስፈልግ ኖሬአለሁ፤ አደጋው ላይ የሚኖሩት ሰዎች ግን ቀድመው ጽፈውልኛል። በማግስቱ ቢሮ እንደገባሁ «የርስት ክርክር» ብዬ ያሰርኩትን ጥቅል ከመደርደሪያው አውርጄ ፈታሁት። የላይኛው ጎንደር አጠገብ ካለችው ከጠዳ የመጣ ነው። አንዲት እናት ከሰፈራቸው የቤንዚን መጋዘን በታች ያለው ምንጭ ቤንዚን ቤንዚን እንደሚል፣ ልጇም ከጠጣ ጀምሮ እንደታመመ ጽፋለች። ማመልከቻው ሁለት ክረምት አልፎታል።