ሻኪሶ ነው ያሉኝ ወንድሜ

ወንድሜ መሞቱን ያወቅኩት በሞተ በሰባተኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ እጸልይለት ነበር። ሻኪሶ ወርቅ ሊቆፍር ሄዷል ብለውኝ ስለነበር፣ ጉድጓዱ እንዳይናድበት ነበር የምጸልየው። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው ለአገልግሎት የወጣሁት፤ ከደብዳቤ ሌላ ጽፌ አላውቅም። እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ሰው ሞርሞን ይለናል። በእኛ ዘንድ አንድ ወጣት ከፈለገ ሁለት ዓመት ከቤቱ ርቆ ወንጌል ያስተምራል። አገልግሎት የምንለው ይህንን ነው። እኔ ከሐዋሳ መጥቼ አዲስ አበባ ተመደብኩ፤ የመጨረሻዎቹን ወራት ደግሞ ጉለሌ። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው፣ ጓደኛህን ከዓይንህ ማራቅ አይፈቀድም። አብራችሁ ትነሳላችሁ፣ አብራችሁ ትበላላችሁ፣ እሱ ፀጉሩን ሲቆረጥ አንተ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። የእኔ ጓደኛ የአዳማ ልጅ ነበር፣ በአንድ ዓመት ያንሰኛል። ካልሲዎቻችን ተቀላቅለው የማን የማን እንደሆነ መለየት ትተን ነበር።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ከማንቂያው በፊት የቁስቋም ቅዳሴ ይቀሰቅሰናል። አስራ ሁለት ተኩል ላይ ተነስተን ስፖርት እንሠራለን፤ ማለቴ እሱ ፑሽ አፕ ይሠራል፣ እኔ እቆጥርለታለሁ። ከዚያ ጥናት፣ ከዚያ ነጭ ሸሚዝና ክራባት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የአባት ስም ነው። በእኛ አገር ሰው በራሱ ስም ስለሚጠራ መጀመሪያ ላይ ሲጠሩኝ ዞር ብዬ አባቴን እፈልግ ነበር። ወንድሜ ፎቶዬን አይቶ፣ "አንተ፣ ስሜን ሳታስፈቅደኝ ደረትህ ላይ ለጥፈህ ትዞራለህ?" ብሎ ስቆብኛል። እውነቱን ነው፣ የሁለታችንም ስም ነው።

አባታችን ልጅ ሆኜ ነው የሞተው። ያሳደገኝ ወንድሜ ነው፣ ባጃጅ እየነዳ። እሱ የእኛን እምነት አልተቀበለም፣ አልተቃወመኝምም። አገልግሎት የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። "ዙረትህ መቼ ነው የሚያልቀው?" ነበር የሚለኝ። ሻንጣዬን ባጃጁ ላይ ጭኖ እስከ ሐዋሳ መናኸሪያ ያደረሰኝ እሱ ነው። "ሁለት ዓመት ያለ ቢራ፣ ያለ ሴት! ወታደር ቤት ብትገባ ይሻልህ ነበር፣ ቢያንስ ጠመንጃ ይሰጡሃል" አለኝና ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ሰኞ ልብሳችንን የምናጥብበት፣ ቤታችን የምንደውልበት ቀን ነው። ሰኞ ሰኞ መጀመሪያ እማዬ ታወራኛለች፣ ከዚያ ወንድሜ ስልኩን ይቀማታል። አንድ ሰኞ አልቀማትም።

"የት ሄደ?" አልኳት።

"ሻኪሶ። ከጓደኞቹ ጋር። በቃ ያ ወርቅ እያለ የሚያወራው ነገር... ኔትወርክ የለም እዚያ።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነው። ካሜራውም ተበላሽቶብኛል፣ በድምፅ እናውራ።"

አመንኳት። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሻኪሶ እንዲህ ሻኪሶ እንዲያ ሲል ነው የኖረው። በሚቀጥለው ሰኞም ጉንፋኑ አልለቀቃትም። በሦስተኛው ላይ ተቀየምኩ፤ በእሷ አይደለም፣ በእሱ። ልመለስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረኝ አንዴ እንኳ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ወጥቶ አይደውልልኝም? በቴሌግራም ድምፄን ቀድቼ ላኩለት። "ወርቅ ስታገኝ ወንድም ረሳህ አይደል? ግድ የለም። ስመጣ እንተያያለን" አልኩ። ከዚህም የባሰ ነገር ተናግሬያለሁ፣ አልጽፈውም። በማግስቱ ሳየው መልእክቱ ተከፍቷል። ሰምቶ ዝም አለኝ ብዬ ከዚያ በኋላ ሌላ አልላክሁለትም። የከፈተችው እማዬ ነበረች። ስልኩን ቻርጅ እያደረገች ታስቀምጠው ነበር።

ማታ ማታ እኔና ጓደኛዬ ተንበርክከን ተራ በተራ እንጸልያለን። ተቀይሜም ቢሆን ተራዬ ሲደርስ ወንድሜን አልተውኩትም። ጌታ ሆይ ከጉድጓዱ በሰላም አውጣው እላለሁ። ጓደኛዬ ከጎኔ አሜን ይላል። ያውቅ ነበር። ወንድሜ በሞተ በሁለተኛው ቀን አጎቴ ወደ እሱ ስልክ ደውሎ ነግሮታል። ሰባት ሳምንት ሙሉ አሜን ብሏል።

ያወቅኩበትን ቀን ልጻፍ።

ሐሙስ ነው። ሽሮ ሜዳ ሸማ ከሚሸጡት መካከል አንድ ባልና ሚስት እናውቅ ነበር፣ አገራቸው ጨንቻ ነው። ሽማግሌው ባል ከሱቁ ጀርባ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ይሸምናሉ፣ ሚስታቸው ከፊት ይሸጣሉ። ትምህርታችንን ከወሬ ለይተው አይሰሙትም፣ ግን ሳንበላ አይለቁንም።

"መጡ ክራባቶቹ!" አሉ ሽማግሌው ገና ሲያዩን። "ቡና የለም፣ ሻይ የለም፣ ጠላ የለም። ምን አጥፍታችሁ ነው ልጆች?"

"ምግብ ግን አልተከለከልንም አባባ" አለ ጓደኛዬ።

"እሱንማ አይተናል! ባለፈው ድስቱን ልትበላው ነበር።"

ሳቅን። እኔ የመጣሁት ለእማዬ ነጠላ ልመርጥ ነው። ለወንድሜም ጋቢ። ሴትዮዋ ሁለት ነጠላ ዘረጉልኝ፣ አንዱ ጥለቱ አረንጓዴ፣ ሌላው ወይን ጠጅ። የቱን እንደምትወድ ስላላወቅኩ ስልኬን አወጣሁ።

"ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው ኤልደር" አለ ጓደኛዬ። እርስ በርሳችን እንዲህ ነው የምንጠራራው። "ሰኞ ትጠይቃታለህ።"

"እስከ ሰኞ ነጠላው ይሸጣል።"

"ሰርፕራይዝ አድርጋት። ካየችው ምን ዋጋ አለው?"

እጁን ስልኬ ላይ አድርጎ ነበር። አሁን ነው ትዝ የሚለኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ገፋሁትና በቪዲዮ ደወልኩ፤ ካሜራው ተሠርቶ እንደሆነ ልሞክር ብዬ። ከሰኞ ውጭ ደውዬ ስለማላውቅ እማዬ ደንግጣ አነሳችው። "ምን ሆንክብኝ? ምን ሆንክብኝ?" ትላለች። ካሜራውን ረስታዋለች።

ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋዋለች። ፀጉሯ ተቆርጧል። ጎረቤት ለቅሶ ደርሳ የመጣች መሰለኝ። ሰው የማይፈልገውን ነገር ዓይኑ እያየ እንኳ አያየውም። "አረንጓዴውን ነው ወይንስ ይሄን?" ብዬ ነጠላዎቹን ወደ ካሜራው አስጠጋሁ።

ሴትዮዋ በትከሻዬ በኩል አይተዋት ኖሯል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነጠላ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። እኔ የማውቅ መስሏቸው ፊታቸውን ወደ ስልኩ አቀረቡ።

"ወይኔ እህቴን! ለሩቅ ሰው እንዲህ ፀጉር አይቆረጥም። ማን ተለየሽ?"

እማዬ ለእኔ ለመዋሸት ተዘጋጅታ ነው የኖረችው፣ ለእሳቸው ግን አልተዘጋጀችም። አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ልጄ" አለች። "ትልቁ ልጄ።" ከዚያ እኔ መኖሬ ትዝ አላትና ስልኩ ተዘጋ።

መርዶዬን የሰማሁት እንዲህ ነው። በሁለት ነጠላ መሀል ቆሜ።

ሽማግሌው ከጉድጓዳቸው ወጥተው መጡ። ሴትዮዋ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና እያለቀሱ ጀርባዬን ያሻሉ። "ወንድም ጋሻ! ወይኔ ልጄን፣ ወይኔ!" ይላሉ። እኔ ግን እንባ አልመጣልኝም። ጓደኛዬን ነበር የማየው። በሩ ላይ ቆሟል። አልደነገጠም። ማንም ሰው በዚያ ሰዓት መደንገጥ ነበረበት። ሴትዮዋም ቀና ብለው አዩት።

"አንተ፣ ታውቅ ነበር እንዴ?"

ክራባቱን ያስተካክላል። ይፈታና ያስራል።

ዳገቱን ተከታትለን ወጣን። ቤት ገብተን በሩን ከዘጋን በኋላ ጠየቅኩት።

"መቼ ነው የነገሩህ?"

"በተቀበረ ማግስት። አጎትህ... በእናትህ አስማለኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሲመጣ በወጉ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ እናረዳዋለን አለኝ። አገልግሎቱን ሳይጨርስ ልቡ እንዳይሰበር አለኝ። ምን ላድርግ? ዘመድህ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው።"

"አሜን ትል ነበር።"

የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

"ሞቶ ተቀብሮ፣ ከጉድጓድ አውጣው ስል አጠገቤ ተንበርክከህ አሜን ትል ነበር። ሰዎች ቤት ገብተን ቤተሰብ ለዘላለም ነው ብለን ስናስተምር፣ እኔ ወንድሜን ምሳሌ አድርጌ ስናገር፣ አንተ ጭንቅላትህን ትነቀንቅ ነበር።"

"ለአንተ ብዬ ነው" አለ። "በቦታዬ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

ይህን ጥያቄ ብዙ አስቤበታለሁ። ምናልባት እኔም እደብቅ ነበር። ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው፤ እንግዳ አገር ላለ ሰው ሞት አይነገርም፣ ይጠበቅለታል። እኔ ራሴ የአክስቴን ሞት ከልጇ ሁለት ወር ደብቄ አውቃለሁ፣ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ። በእኔ ሲደርስ ግን ሌላ ሆነ። ሰባቱን ሳምንት መልሼ እያየሁ እያንዳንዱን ቀን ሐሰት ሆኖ አገኘሁት። ያዘንኩለት ጉንፋን ሐሰት። የሳቅነው ሳቅ ሐሰት። ለሙት ሰው ቅያሜ ልኬያለሁ። አልቅሰው ቀብረው፣ ሰልስት አውጥተው፣ አርባውን ሳይቀር ቆጥረዋል፤ ከእኔ በቀር ሁሉም አብረው አልቅሰዋል። እኔ ብቻዬን ላለቅስ።

የአገልግሎቱ መሪያችን ሲመሽ ደወሉልኝ። እሳቸውም ገና መስማታቸው ነበር። አስራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ። "ልጄ፣ ብትጨርስም ብትሄድም ማንም አይፈርድብህም። አስብበት" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ግን ስለ መሄድና መቆየት አልነበረም የማስበው። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግኩት፤ እንዴት እንደሞተ ማወቅ። ለእማዬ ደወልኩ።

ብዙ አለቀሰች። ባጃጁ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ እንደተገለበጠ፣ ሆስፒታል ሦስት ቀን እንደቆየ ነገረችኝ።

"ተሰቃየ?"

"ኧረ ምንም! ተኝቶ ነው ያለፈው።"

"ስሜን ጠርቶ ነበር?"

"እንዴት ሳይጠራህ! ታናሼን አደራ፣ አገልግሎቱን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት አለ እኮ። ቃሉ ነው። ለዚህ ብለን ነው የደበቅንህ።"

አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት። አገልግሎት! ወንድሜ ዙረት ነበር የሚለው። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ቃሉን አይቀይርም። እናቴ ልታጽናናኝ ፈልጋ የወንድሜን የመጨረሻ ቃል ራሷ ሠርታ ሰጠችኝ። ተሰቃይቶ ይሁን አይሁን ከእንግዲህ ከእሷ ማወቅ አልችልም። ቢያንስ ያንን እውነት ብትተውልኝ ምን ነበረበት?

አብሮት ባጃጅ የሚነዳ አንድ ጓደኛው አለ፣ ልጅ ሆኜ ብስክሌት ያስተማረኝ። ቁጥሩ ነበረኝ። ደወልኩለት። ሰላምታም አላቀረብኩ።

"ሆስፒታል አብረኸው ነበርክ?"

"ነገሩህ?" አለ። "ነበርኩ። ሦስቱንም ቀን።"

"እውነቱን ንገረኝ። ጠርቶኝ ነበር?"

የሐዋሳ መኪናዎች ጥሩምባ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ጥግ ፈልጎ ሲቆም፣ ሞተሩን ሲያጠፋ ሰማሁት።

"እማማ ምን እንዳሉህ አላውቅም" አለ። "አልጠራህም፣ ወንድሜ። ማንንም አልጠራም። ከመሬት ካነሳነው ጀምሮ ዓይኑን አልገለጠም። ያቃስት ነበር፣ እሱን አልደብቅህም፤ የመጀመሪያውን ቀን ያቃስት ነበር። በሁለተኛው አቆመ። ጫማው አንዱ ጠፍቶ ነበር፣ በአንድ ጫማ ነው የወሰድነው። ሄጄ ፈልጌ አጣሁት። አሁንም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቦዩን አያለሁ።"

ያኔ አለቀስኩ። ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ በዚያ ሰው ቃል መጣ። እሱም ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል፣ ስልኩን አልዘጋም። ጓደኛዬ ከአልጋው ተነስቶ መጣና ትከሻዬን ሊይዘኝ እጁን ዘረጋ። "ተወኝ" አልኩት። ከዓይኑ ሊያርቀኝ ስለማይፈቀድለት ወለሉ ላይ፣ በሩን ተደግፎ ተቀመጠ።

ፊቴን ታጥቤ ለመሪያችን መልሼ ደወልኩና ነገ በመጀመሪያው መኪና እንደምሄድ ነገርኳቸው። ስሄድ ሰው አብሮኝ እንዲሆን ጠየቁኝ፣ አልፈልግም አልኩ። እናትህ መናኸሪያ ትጠብቅህ እንደሆነም ጠየቁኝ።

መምጣቴን ለእማዬ አልነገርኳትም።