የተቋጠረው ቅጠል

ጻፊ እንግዲህ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ያልኩሽን እንዳልኩት አስቀምጪው።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ፣ ከልጄ ከአባትሽ ስፓዛ ሱቅ ጀርባ፣ አጥር የምንጋራት አሮጊት አለችን። አገሯ ታንዛኒያ ነው፣ ኪሊማንጃሮ ከሚሉት ተራራ ሥር። ወገኖቿ ቻጋ ይባላሉ። ሰፈሩ ሁለታችንንም «ጎጎ» ይለናል፣ አያት ማለታቸው ነው። እኛም እርስ በርሳችን ጎጎ ተባባልን። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በዙሉ፣ የቀረውን በእጅ ነው የምናወራው።

በሷ አገር ሰው ሙዝ መሃል ነው አሉ የሚኖረው። ሙዙ ከላይ፣ ቡናው ከሥሩ፣ አባት አያቱም እዚያው ጓሮ ተቀብረው። ውሃው ከተራራው በቦይ ይወርዳል፣ ሁሉም በተራው ነው የሚያጠጣው፣ ተራ የዘለለ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። የበደለ ሰው ደግሞ አንድ ቅጠል ቋጥሮ ወደ በደለው ሰው ይሄዳል። ቅጠሉን ያየ ይቅርታውን እምቢ አይልም፣ ባላባትም ቢሆን። እኔም የከምባታን እንሰት ነገርኳት፣ ቆጮውን በቅጠሉ አስረን እንደምንቀብረውም። ፍሬውን አንበላም ብላት፣ «ሙዝ ተክላ ሥሩን የምትበላ ጎረቤት አለችኝ» እያለች ለመጣው ሁሉ ሳቀችብኝ።

አንድ ጊዜ ታመመችና ሆስፒታል ተኛች። እኛ አገር ጎረቤት ሲታመም ጓሮው ዳዋ አይለብስም። እኔም ገጀራዬን ይዤ ገባሁ፣ አጥሩን ሥር ለሥር አጸዳሁላት። ቅጠሉ ረጃጅም የሆነ ተክል ነበር፣ እሱንም ቆርጬ ከቆሻሻው ጋር ጣልኩት። ደስ ይላታል ብዬ።

ስትመለስ አጥሩ ጋ ቆመች፣ አየች፣ ገባች። ከዚያ በኋላ ሰላምታም የለ። ዳቦ እንኳ ከሌላ ስፓዛ መግዛት ጀመረች። እኔ ምግብ አልበላ አለኝ፤ በዚህ አገር ከሷ ሌላ እኩያ የለኝም።

ልጇን ጠየቅኳት። ያ የነገረችኝ የይቅርታ ቅጠል የቆረጥኩት ተክል ነው ለካ። ጎጎ ራሷ ከእናቷ መቃብር አጠገብ ቆርጣ፣ በሻንጣ ይዛ የመጣችው።

ቆሻሻው ክምር ሄድኩ። ግንዱ አልሞተም፣ ጫፉ ላይ አንድ ቅጠል አረንጓዴ ነበር። ቀነጠስኩና ቋጠርኩት። አባትሽ አየኝና፣ እማዬ፣ ይሄ ነገር ከቸርች ጋር ይሄዳል ወይ አለ።

«ይቅርታ መጠየቅ የማይሄደው ከየትኛው ቸርች ጋር ነው?» አልኩት።

በሯ ላይ ተቀምጣለች። ቅጠሉን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ። ቋጠሮውን አገላበጠችው፣ የቆጮ እስር አስመሰልሽው አለችኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ግንዱንስ አለች። አመጣሁላት። ለሁለት ቆረጠችው፣ አንዱን በሷ በኩል ተከለች፣ ሌላውን በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ።

«ይሄ ባንቺ በኩል ይሁን» አለችኝ። «እኔም ያጠፋሁ ቀን ቅጠል የምቀነጥሰው ካንቺ ጓሮ ነው።»

ሁለቱም ሥር ይዘዋል። የኔውን ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ። እስካሁን አልቀነጠሰችም።