ሞላን ሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታው

ሥራ የጀመርኩት ቢቸና፣ በገበያ ቀን ነው። ኮንስታብል የሻረግ ተብዬ የደንብ ልብስ ስለብስ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አዲሱ ጫማ ተረከዜን ልጦታል። ከብት ተራ መደቡኝ፤ አብሮኝ አንድ ነባር ሳጅን ነበር። መሣሪያችን ፊሽካና ዱላ ነው። ሳጅኑ "ልጄ፣ ገበያ ቀላል ነው። ኪስ አውላቂ ትጠብቂያለሽ፣ የሰከረ ታስወጫለሽ፣ በቃ" አለኝ። እኔም አመንኩት።

ቀትር ላይ "ኡኡ! ሌባ! በሬ ወሰደ!" የሚል ጩኸት ከታች በኩል ተነሣ።

በእኛ አገር ኡኡታ ሰምቶ ያልወጣ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ቤት ቢቃጠል፣ ጅብ በረት ቢገባ፣ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይሮጣል። ደግ ልማድ ነው፤ ስንቱን አትርፏል። ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ግን የልማዱ ክፍል አይደለም። ጠያቂ ፈሪ ይባላል።

ሕዝቡ እንዲበተን ፊሽካችንን ነፋን። ጭራሽ ባሰበት። ከእህል ተራ፣ ከጨው ተራ፣ ከጠላ ቤት ሳይቀር ሰው ጎረፈ። በክርናችን እየገፋን መሃል ስንደርስ ሰውየው መሬት ላይ ነበር። በሬው አጠገቡ ቆሞ ያመሰኳል፤ ገመዱ በሰውየው እጅ እንደተጠመጠመ ነው።

በሬው የራሱ ነበር። ገመድ በጥሶ ቢያመልጠው አሳዶ ይዞት እየታገለ ሲጎትተው፣ ከሩቅ ያየው አንድ ሰው ሌባ መሰለውና ጮኸ። ሌላ ነገር የለውም፤ ይኸው ነው። ሞላ ይባላል። በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ስንወስደው መንገድ ላይ አረፈ። ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ደሙን ከደንብ ልብሴ ሳጥብ አመሸሁ።

በማግስቱ ለጥበቃ ወደ ቀብሩ ላኩኝ። እዚያ ያየሁት ከገበያው የባሰ አስደነገጠኝ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት መካከል ትናንት ዱላ ሲሰነዝሩ ያየኋቸው ነበሩ። አንዱ ጎልማሳ ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መቃብር ይቆፍራል፤ እንባው በጺሙ ይወርዳል። ደግሞ የውሸት እንባ አይደለም፤ ከአንጀት ነው የሚያለቅሰው። ጠጋ አልኩት።

"ትናንት ከብት ተራ አልነበሩም?"

"ነበርኩ።"

"ሞላን አያውቁትም ኖሯል?"

"እንዴት አላውቀው። ድንበርተኛዬ እኮ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው።"

"ታዲያ?"

"ሌባ ነው አሉ። ፊቱን መች አየሁት።" እንባውን በእጁ ጨርቅ ጠረገና "ደሞ እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት" አለኝ። ከዚያ አካፋውን አንሥቶ ቁፋሮውን ቀጠለ።

ከቀብር በኋላ እሱም ሌሎችም ተያዙ። ቃል ሲሰጡ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁ። "ሌባ መሆኑን ማን ነገረህ?" ሲባል አንዱ "ሰው" ይላል። "የትኛው ሰው?" ሲባል "እዚያ የነበረው ሁሉ" ይላል። የፊተኛው "የኋላው ሲጮኽ አውቆ መስሎኝ" አለ፤ የኋላው ደግሞ "የፊተኛው ሲመታ አይቶ መስሎኝ" አለ። ስንት ጊዜ መታህ ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ ግን መልሱ አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። የሁሉም አንድ አንድ ተጠራቅሞ ሰው ገደለ።

እኔ ክፉ ሰው ፈልጌ ነበር። ክፉ ሰው ባገኝ ኖሮ እፎይ እል ነበር። ያገኘሁት ጎረቤት ነው። ይህ ነገር ዓመታት ሙሉ አልወጣልኝም።

በኋላ ምክትል ሳጅን ሳለሁ በክረምት ኮርስ ሥነ ልቦና ተማርኩ። ሰው በብዙ ሰው መሃል ምን እንደሚሆን የሚያስረዳው ክፍል ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ መምህሩን አየሁት። ቢቸናን አያውቃትም፤ የሚናገረው ግን ስለ ከብት ተራው ነው። ሰው በሕዝብ መሃል ሲገባ ስሙ ይጠፋበታል አለ። ኃላፊነቱን ከሌላው ጋር ይካፈለዋል፣ ያላወቀውን ሌላው ያውቀዋል ብሎ ያምናል። እኛ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ለመልካም ሥራ የተተረተ ነው፤ ለኃጢአትም እንደሚሠራ ያን ቀን ገባኝ።

ስመለስ ኮማንደሩ ቢሮ ገባሁ።

"ፊሽካ ይቅር ነው የምትዪኝ?" አሉ።

"አዎ ጌታዬ። እዚህ አገር ፊሽካ 'ና' ማለት ነው እንጂ 'ሂድ' ማለት አይደለም።"

"ታዲያ የሚጎርፈውን ሰው በምን ልትመልሺው ነው?"

"በስሙ።"

ሳቁ። "ዱላ ያልመለሰውን ስም ሊመልሰው!"

"ዱላ ሲያይ ይብስበታል እንጂ አይመለስም። እገሌ የእገሌ ልጅ ብለው ቢጠሩት ግን አባቱ አብሮ ይጠራል። አባቱ ፊት ደግሞ ማንም እንደፈለገ አይሆንም።"

ኮማንደሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እሺ ሞክሪው። ብቻ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ።"

አሠራሩ ቀላል ነው። ጩኸት ሲነሣ ፊሽካ አይነፋም። ፖሊስ የሚገባው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው፤ ከኋላ ያለው ምንም ሳያይ ይገፋል፣ ከፊት ያለው ቢፈልግም መመለስ አይችልም። ከኋላ አንድ አንዱን ይዞ "ስምህ ማን ነው? ምን አይተህ መጣህ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ከገበያው ደግሞ ሰውን ሁሉ የሚያውቁትን ቀድሞ ማሰልጠን ያስፈልጋል። ጨው ቸርቻሪዋን፣ የእድር ለፋፊውን፣ ባጃጅ ነጂዎቹን ማለቴ ነው፤ እነሱ ከየአቅጣጫው ሰውን በስሙና በአባቱ ስም ይጠራሉ። አንድ ጊዜ ባጃጅ ሽማግሌ ገጭቶ ሕዝብ ነጂውን ከቦት በዚህ መንገድ አወጣነው። ኮማንደሩ ከዚያ ወዲያ አልሳቁም።

ዋና ሳጅን ሆኜ ወደ ሞጣ ስዛወር ይህንኑ ሥልጠና እዚያም ጀመርኩ፤ አንድ ቀን አንድ ወጣት መምህር ቢሮዬ መጣ። "እትዬ የሻረግ፣ አላወቁኝም? ይትባረክ ነኝ፤ የሞላ ልጅ" አለኝ። አባቱ ሲሞት የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ አሁን ሞጣ ሥነ ዜጋ ያስተምራል። "ሥልጠናውን አብሬዎት ልስጥ" ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩ።

እኔ ስናገር ሰው ሰዓቱን ያያል። ይትባረክ ሲናገር ግን የሚተነፍስ የለም። ሁልጊዜ የሚጨርሰው እንዲህ ብሎ ነበር፦ "አባቴን የገደለው ክፉ ሰው አይደለም። ያልጠየቀ ሰው ነው።" ባጃጅ ነጂዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ሞጣ ገበያ ውስጥ የጠፋ ሕፃን ያገኘ ሰው ወደሚታወቅ ሱቅ ያስገባዋል፤ ወላጅም ፈልጎ የሚመጣው እዚያው ነው። ሐጂ ኑሩ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ሞጣ የነገዱ። አንድ የገበያ ቀን የጠፋች ትንሽ ልጅ አመጡላቸው። ብስኩት ሰጧት፣ ተመልሳ ወደ ግርግሩ እንዳትወጣም በሩን ገርበብ አደረጉት። እናትየዋ ከገጠር የመጣች ናት፤ ልማዱን አታውቅም። ስትፈልግ ቆይታ የልጇን ልቅሶ ከተገረበበው በር ውስጥ ሰማች። ጮኸች።

ስንደርስ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። አብራኝ ያለችው ኮንስታብል እጇን ወደ ፊሽካዋ ስትሰድ ያዝኳት። ከኋላ ጀመርን።

"ስምህ ማን ነው?" አልኩት የመጀመሪያውን።

"አበጀ።"

"የማን ልጅ?"

"የ... የካሴ።"

"አበጀ ካሴ፣ ምን አይተህ መጣህ?"

"ልጅ ሰርቀው ነው አሉ።"

"አይተሃል?"

"ኧረ አላየሁም።"

"ፊትህ ያለው አይቶ እንደሆነ ጠይቅልኝ።"

ጠየቀው፤ እሱም አላየም። እሱም የፊቱን ጠየቀ። ጨው ቸርቻሪዋ ከወዲያ "አንተ ደሳለኝ አያሌው፣ እናትህ ትፈልግሃለች!" ትላለች፤ ባጃጅ ነጂዎቹም እንዲሁ። ከኋላ ያለው ሰው ላላ፤ እኔም በክፍተቱ ገባሁ።

ሐጂ ኑሩ ደጃፋቸው ላይ ናቸው። ቆባቸው ወድቋል፣ ግንባራቸው ይደማል። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በሩን ጋርደውታል፤ ሕፃኗ ውስጥ ስለሆነች ድንጋዩ እንዳያገኛት ነው። ፊት ለፊታቸው፣ ከሁሉም ቀድሞ የቆመው ይትባረክ ነበር።

ሊገላግል የቀደመ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ እጁን አየሁት። ድንጋይ ይዟል፤ ክንዱ ወደ ላይ ተነሥቷል።

ዓይኔን አላመንኩትም። እሱ እኮ ነው። ባለፈው ሳምንት አብሮኝ ያስተማረው፣ አባቱን እንዲህ ያጣው ልጅ። አየኝ፤ ግን አላወቀኝም። እንደዚያ ያለ ፊት በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ፤ የእሱ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

"ይትባረክ" አልኩት። አልሰማም።

"ይትባረክ ሞላ!"

የአባቱ ስም ጆሮው ውስጥ ሲገባ አየሁት። ዓይኑ ወደ ገዛ እጁ ዞረ። ድንጋዩን የሌላ ሰው ይመስል እያየው ቆየ፤ ከእጁ ወድቆ እግሩን ሲመታው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። አጠገቡ የነበሩት እሱን አይተው እጃቸውን አወረዱ። ሐጂ ኑሩ ሕፃኗን አውጥተው ለእናቷ ሰጡ፤ ብስኩቷን እንደያዘች ነው። እናትየዋ ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሐጂ ኑሩ ግንባራቸው ተሰፍቶ ዳኑ። የወረወሩት ተያዙ። ይትባረክ ሳይጠራ በእግሩ ጣቢያ መጣ፤ ቃሉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ለማንም የምጠይቀውን ጠየቅሁት።

"ምን አይተህ ነው?"

"ምንም አላየሁም፣ እትዬ። እናትየዋ ስትጮኽ ሰማሁ፤ የኔም ልጅ የዚያች እኩያ ናት። ሰው ሲሮጥ ሮጥኩ። ድንጋዩን የት እንዳነሣሁት አላውቅም።" አንገቱን ደፋ። "ደሞ እኔ አንድ ብቻ ነው ያነ..."

አልጨረሰውም። ምን ሊል እንደነበር ራሱ ሰማውና አፉን በእጁ ያዘ። እኔም ብዕሬን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ሽማግሌ ይዞ ሐጂ ኑሩን ይቅርታ ጠይቋል። ዛሬም ሥልጠና ይሰጣል፤ የሚጀምረው ግን በአባቱ አይደለም። "እኔ ድንጋይ ይዤ ተገኝቻለሁ" ብሎ ነው የሚጀምረው።

አዲስ ለምትገቡት የምለው ይህን ነው። ትምህርት ሰውን በግርግር መሃል አያቆመውም፣ የደረሰበት በደልም አያቆመውም። ይትባረክ ሁለቱም ነበረው። ያቆመው አጠገቡ ደርሶ በስሙና በአባቱ ስም የጠራው ሰው ነው። የተመደባችሁበትን ገበያ ሰው ስም እወቁ።