ኪሮስን ከጋቢ ሥር ስመግብ

መጀመሪያ ያበጡት እግሮቹ ናቸው። ገና ድክ ድክ የሚለው የልጅ ልጄ ኪሮስ እግሮቹ ሞላ ብለው፣ ጉንጩም ወጠር ብሎ ሳየው፣ እኔ ጅሉ ሽማግሌ «ወፈረልኝ!» ብዬ ፈነደቅሁ። እናቱ፣ ልጄ ምስላል፣ ለራሷ ሕክምና ደሴ ከሄደች ወዲህ የምመግበው እኔ ነኝ፤ ሚስቴ ካረፈች ቆይታለች። «አያት ሲያሳድግ እንዲህ ነው» እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁት። የወረዳችን የጋዝጊብላ ሰው ጨዋ ነው፤ ፊት ለፊቴ አልሳቀብኝም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አውራ ጣቷን እግሩ ላይ ጫን አድርጋ አነሳች። ጣቷ ያስቀረው ጉድጓድ አልሞላም። ክንዱን ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ባለው መለኪያ ጥብጣብ ለካች። ቀይ ላይ ዋለ።

«አባባ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም፤ ኢዴማ ነው፣ ከምግብ ጉድለት የሚመጣ እብጠት። ዛሬውኑ ሰቆጣ ይውሰዱት» አለችኝ።

ሆስፒታል አስተኙት። አይስቅም። አያለቅስም። ኤፍ-75 የሚሉትን ወተት በአፍንጫው በገባ ቱቦ ሰጡት። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ምስላል ስትመለስ ምን እላታለሁ? ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

እብጠቱ ጎደለ። ቱቦው ወጣ። ሐኪሙ በትንንሽ ከረጢት የታሸገውን አልሚ ምግብ ሰጥቶ ሲያሰናብተን፣ «ከእንግዲህ መድኃኒቱ ምግቡ ነው። እምቢ ብሎ ከከሳ ግን ተመልሶ ይተኛል፤ ያን ጊዜ አቅም አይኖረውም» አለኝ።

ቤት ገባን። እምቢ አለ።

እኛ ዘንድ የሚበላ ልጅ ለሰው ዓይን አይሰጥም። ስለዚህ ጭኔ ላይ አጋድሜው፣ ጋቢዬን ደፍቼበት፣ አልሚውንም አጥሚቱንም በመዳፌ አፉ ውስጥ እገለብጥበታለሁ። ዓይኔ በሩ ላይ ነው፤ ማን መጣ፣ ማን አየ እያልኩ። ልጁ ይንፈራገጣል፣ ትን ይለዋል፣ ይተፋል። ከእሱ ይልቅ ሱሪዬ ወፈረ ብል ይቀለኛል።

በዚህ መሀል ነው ሰናይት የምትባል ወጣት የመጣችው። ልጆች ሲመገቡ መጋቢው እንዴት እንደሚሆን የምትለካ ጥናት ሠሪ ናት።

«ምኑን ነው የምትለኪው? አጥሚቱን?» አልኳት።

«አጥሚቱን አይደለም አባባ። እርስዎን ነው። ልጁን ያዩታል ወይ፣ ያናግሩታል ወይ፣ እስኪውጥ ይጠብቁታል ወይ።»

«እንግዲያው ከዘራዬንም ለኪው!»

ደሜ ፈላ። የሚበላ ልጅ ላይ ዓይኗን ተክላ ልትውል! እንዳላስወጣት ደግሞ የሐኪሙ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ። ኪሮስን አቀፍኩና ጋቢዬን በሁለታችንም ላይ ተከናነብኩ። «በይ፣ አሁን ለኪ!»

አንገቷን አሰገገች። «አባባ፣ ምንም አይታየኝም።»

«ጥሩ ነዋ!»

«እንግዲያው እኔም ልግባ» ብላ፣ ሳልመልስላት ጫፉን ገልጣ ጭንቅላቷን አስገባች። በዚህ ዕድሜዬ ከአንዲት ኮረዳ ጋር አንድ ጋቢ ሥር! ጎረቤት ቢደርስ ወሬው ከቡዳውም ይብስ ነበር። በጋቢዬ ቀዳዳ በሩን እጠብቅ ጀመር።

«አባባ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እሱ እኮ እርስዎን ነው የሚያየው። እርስዎ ወዴት ነው የሚያዩት?»

ዞርኩ። ኪሮስ ዓይኖቼን ያያል። ጉንጩ ሙሉ ነው። አልዋጠም። እጄ ግን ሌላ ይዞ ደርሷል። እጄን መለስኩ። ዋጠ። ቆየ። ከዚያ ራሱ አፉን ከፈተ።

እንዲህ ሲባል ወዲያው የተሳካልኝ አይምሰላችሁ፤ አንዱን ጉርሻ ለመዋጥ እኔ አንድ ማሳ አርሼ የምጨርስበትን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ይመስለኝ ነበር፣ ሰናይትም እየተመላለሰች «አሁን ተቆጡ አባባ፣ አሁን ቸኮሉ» ስትለኝ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም ያልገራኝን ሰውዬ በመዳፌ ፈንታ ባስያዘችኝ ማንኪያ ልትገራኝ ነው ወይ እያልኩ አጉረመርም ነበር። ምን ብዬ እንደማናግረው ብጠይቃት «የመጣልዎትን» አለችኝና፣ በቋንቋችን በኽምጣኛ ፍየሎቼን አንድ በአንድ ሳማለት፣ እሱ በሳቅ አፉን ሲከፍት፣ እኔም በቀስታ ሳስገባ፣ ማንኪያውን ልያዝ ብሎ ግማሹን ጢሜን ሲያበላው፣ ጋቢው ሳላውቀው ወለሉ ላይ ቀረ። ዓይን አልፈራም አልልም፤ እፈራለሁ። በሩን ግን እዘጋለሁ እንጂ ልጁን አልሸፍነውም።

መለኪያው ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ አለፈ። ሐኪሙም «አገግሟል፤ አመጋገቡን እንዳትለውጡት» አለኝ። ምስላል ድና ከደሴ ስትመለስ ኪሮስ ሮጦ ነው የተቀበላት። ምን እንደምላት ሳስብ የከረምኩት ሰውዬ አንድ ቃል መናገር ሳያስፈልገኝ ቀረ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙን፣ ነርሶቹን፣ ጤና ኤክስቴንሽኗን ያክብርልኝ፤ ያቺን ነዝናዛ ሰናይትንም ጨምሮ። እናንተ ልጅ የታመመባችሁ፣ እግሩ ካበጠ በጣት ተጭናችሁ እዩ፤ ከጎደጎደ እንደ እኔ አትፎክሩ፣ ይዛችሁ ሩጡ። ስትመግቡት በጉልበት አታጉርሱ፤ እስኪውጥ ጠብቁ፤ ፊቱን እዩ። አሁንም የእኔን ጽሑፍ ነው የምታዩት? ወደ ልጁ ዙሩ እንጂ!