ወይን ጠጁ ቀሚስ

ከሰፈሯ እስከ ፒያሳ እታፈራሁን ከሩቅ የማይለያት ሰው ጥቂት ነው። በመምህርነት ዘመኗ ሁሉ የለበሰችው ወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ያንኑ ደግማ ታሰፋለች። ለጠይም ፊቷ የተፈጠረ ይመስላል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ቀለም እንጂ መልክ የማይለዩት አባቷ አቶ ሽፈራው እንኳ፣ ገና በር ላይ ስትቆም ድምጿን ሳይሰሙ «መጣሽ?» ይሏታል።

የልጇ የሶልያና ሠርግ ሲቃረብ ግን የሙሽራዋ እናትና የቅርብ ሴቶች አንድ ዓይነት ይልበሱ ተባለ። ፎቶውን ከቲክቶክ ያመጣችው የድሮ ጎረቤቷ ፍሬሕይወት ናት፤ ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ፣ ትከሻው የተነፋ፣ ጉልበት ላይ የሚጠብ።

«ቢጫ አይሆነኝም፤ በሽተኛ ያስመስለኛል» አለች እታፈራሁ።

«ዘንድሮ ቢጫ ያልለበሰች የሠርግ እናት አሳዪኝ! ደግሞ ያንን ወይን ጠጅሽን ልትገትሪው ነው? ልጅ ልትድሪ ነው እንጂ ልታስተምሪ አይደለም እኮ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ አሰፋችም።

በሠርጉ ጠዋት መስታወት ፊት ስትቆም ደነገጠች። የምታየው ራሷን ሳይሆን እናቷን ነበር፤ በመጨረሻው ሕመም ጊዜ ፊቷ ገርጥቶ፣ ጉንጯ ጎድጉዶ። «እማዬ» ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ። የመኪና ጥሩምባ ሲጠራት ግን ወጣች።

አባቷ ወንድሟ ያሬድ ዘንድ ነው የሚኖሩት፤ በሠርጉ ሽር ጉድ ሰሞኑን አላየቻቸውም፣ አልደወለችላቸውም። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሽማግሌው በእታፈራሁ ግቢ ውስጥ በተተከለው ድንኳን ተቀምጠው ነበር። ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ከሳሙ በኋላ፣ «የልጅቷ እናት ትቅረብ» አሉ።

እታፈራሁ በጠባቡ ቀሚስ እየተጎተተች ሳትደርስ፣ ከፊት የነበረችው ፍሬሕይወት ሰላም ልትላቸው ጎንበስ አለች። የሽማግሌው እጅ ራሷ ላይ አረፈ።

«እናትሽን በሕመሟ ያጠበ እጅሽ አይዛል» ብለው ጀመሩ።

ምርቃት አይቋረጥም። ፍሬሕይወት ቀና ማለት አቃታት፣ ድንኳኑ «አሜን!» አለ። እታፈራሁም ከሰው ጋር «አሜን» አለች። ለራሷ የተቀመጠላት ቃል በሌላ ሰው ራስ ላይ ሲፈስ፣ ቆማ አሜን አለች! ወደ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ ያሬድ በሩን በርግዶ ገባ። ላብ አጥምቆታል።

«እትዬ፣ አባዬ ምግብ አልቀምስም አሉ። ‹መርዶውን ንገሩኝ› ይላሉ።»

«የማን መርዶ?»

«ያንቺን።»

እታፈራሁ ከአልጋው ተነሳች። የቢጫው ዚፕ እምቢ ሲላት ስፌቱን ተረተረችው። ወይን ጠጇን ካጠለቀች በኋላ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

በድንኳኑ በር ስትገባ፣ ያለ ሰው ድጋፍ የማይነሱት ሽማግሌ ብድግ አሉ። ከዘራቸው ወደቀ።

«እታፈራሁ! በሕይወት አለሽ?»

«አለሁ አባዬ! ምን ሆኑብኝ?»

«መርቄ ስጨርስ እጄን የሳመችው ሴት ጥፍሯ ቧጠጠኝ። የልጄ እጅ ጥፍር የለውም፣ ጠመኔ የበላው ነው። ‹እታፈራሁ የታለች?› ብል፣ ይሄ ጎኔ ያለው ሰው ‹አሁን የመረቋትስ ማን ናት?› ብሎ ሳቀብኝ። ሰሞኑን ስትደውዪም አልሰማሁ፣ ቀለምሽም የለም። ሠርጉ እንዳይበላሽ መርዶሽን ደብቀውኝ ነው አልኩ። ሌላ ሴት አስመርቀውኝ ሊሸኙኝ ነው አልኩ።»

ፍሬሕይወት ጥፍሯን በቢጫው ቀሚስ እጥፋት ውስጥ ቀበረች።

«እዚሁ ነበርኩ እኮ፣ አባዬ። አሜን ብያለሁ።»

«አልነበርሽም» አሉ ሽማግሌው፤ እንባቸው ሪዛቸው ላይ ይንጠባጠባል። እንደገና ሊመርቋት አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልመጣላቸውም።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረብ አለ።

«እናት፣ የቤተሰቡን ፎቶ ልናነሳ ነው። ቢጫውን አይለብሱም?»

እታፈራሁ ወደ ታች አየች። አባቷ የወይን ጠጁን ቀሚስ ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይዘውታል።

«እንዲህ አንሳን» አለች።