ወደ ላቦራቶሪ የላክኋቸው ብልቃጦች

ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ የምዘረዝርላቸው የንስሐ አባቴም ይህችን አያውቋትም። እናንተ የምታነቡትን አላውቃችሁም፤ ምናልባት ስለማላውቃችሁ ይሆናል አፌ የተፈታው።

ከጓሳ በታች ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ኃላፊ ነበርኩ። ዕድሜዬ ያለቀው ፍሪጅ ስጠብቅ ነው። ቆላ ያሉ ባልደረቦቼ ክትባታቸውን ከሙቀት ሲከላከሉ እኔ የምከላከለው ከብርድ ነበር። በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት አንዴ በረዶ ከሠራ አለቀለት፤ ሰውነት በሽታውን እንዲለይ የሚያስተምረው፣ አንቲጅን የሚባለው ነገር ይበላሻል። ክፋቱ ደግሞ መልሶ ሲቀልጥ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በዓይን አይለይም። ለዚህ ነው ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ ወዲያው ወደ ክትባት ሳጥን የማይገባው። ላብ እስኪያወጣ፣ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ እስኪንቦጫረቅ ይጠበቃል። ይህን ደንብ ለወረዳው የጤና ሠራተኞች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኔ!

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የታኅሣሥ ጠዋት ግን አልጠበቅሁም። ውርጩ ሣሩን አመድ አስመስሎታል። እናቶቹ ዳገቱ ላይ ባለችው ጤና ኬላ ልጆቻቸውን አዝለው ይጠብቁኛል። ቶሎ ሄጄ ቶሎ መመለስ ፈለግሁ። አይስ ፓኩን እንደ ድንጋይ እንደደረቀ ሳጥኑ ውስጥ ደርድሬ፣ ብልቃጦቹን መሃል ሰክቼ በቅሎ ላይ ጫንኩ። ለምን ብትሉኝ ደክሞኝ ነበር። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ባገኝ እወድ ነበር፤ የለኝም።

የጤና ኬላዋ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እታለም ትባላለች። የዚያው አገር ልጅ ናት፤ እናቶቹ ልጃቸውን ባተኮሰው ቁጥር የሚሮጡት ወደ እሷ ነበር። ሳጥኑን የከፈተችው እሷ ናት። አንዱን ብልቃጥ አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ገለበጠችው።

«ጋሽ ተክሌ፣ ይሄ እኮ በረዶ ሠርቷል።»

ተቀብያት አየሁ። ውስጡ ነጭ ሆኖ ደርቋል፤ ሲገለበጥ አይንቀሳቀስም። አየሁት። በዚህ ዓይኔ አየሁት። ከዚያም በመዳፌ ጨበጥኩት።

«ጠርሙሱ ላይ ያለው ውርጭ ነው» አልኳት።

«ኧረ ውጪው አይደለም፣ ውስጡ ነው። እናቶቹን ሌላ ቀን ተመለሱ ልበላቸው?»

«እታለም፣ ይህን ሥራ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

የክትባት መዝገቡን ከፈተች። ብልቃጡ በእጄ ሙቀት ቀለጠ፤ ሌሎቹም ፀሐይ ሲያገኛቸው ቀለጡ። ልጆቹን ወጋኋቸው። ሕፃናቱ አለቀሱ፣ እናቶቹ መረቁኝ። «እጅዎን ይባርከው» አለችኝ አንዲቱ። ያንን ምርቃት አሜን ብዬ ስቀበል መዳፌ ገና ከቅዝቃዜው አልተላቀቀም ነበር።

እታለም ግን ዝም ብላ አልቀረችም። ለወረዳው አመለከተች፤ ልጆቹ እንደገና ይከተቡ አለች። ለእናቶቹም ነገረቻቸው። ነገሩ ሲካረር ከወረዳ «በምርመራ ይለይ» ተባለ፤ ከዚያ ሳጥን ሳይከፈቱ የተረፉት ብልቃጦች አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሄደው የአንቲጅናቸው መጠን እንዲለካ፣ መበላሸት አለመበላሸታቸውም እንዲታወቅ ተወሰነ። አሽጎ የመላኩ ሥራ ለማን ተሰጠ? ለእኔ።

የመጀመሪያውን ድካም በሉት፤ ስንፍና በሉት። ሁለተኛውን ምን ትሉታላችሁ? በጠራራ ፀሐይ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ በረዶ የሠሩትን ብልቃጦች ወደ ጎን አደረግሁ። ከፍሪጁ ደህናዎቹን አወጣሁ። የምርት ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ማንም አይለያቸውም። እነሱን አሽጌ ላክሁ። ሌሎቹን አቃጠልኳቸው።

ውጤቱ በጤና ኬላዋ ግቢ እናቶቹ ባሉበት ተነበበ። አንቲጅኑ ሙሉ ነው፤ ክትባቱ አቅሙን አላጣም። ላቦራቶሪው አልዋሸም፤ የላክሁለትን ነው የለካው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አንዲት እናት ወደ እታለም ዞራ «በልጆቻችን ነፍስ ነው የቀለድሽው?» አለቻት። እታለም እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ቤት ለቤት ስትዞር በር የሚከፍትላት ጠፋ፤ ሥራውን ለቀቀች። ልጆቹም እንደገና ሳይከተቡ ቀሩ።

የአፍ ጠብታውን ወስደዋል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። ግን ባለሙያ ነኝ፤ ጠብታው የማይሸፍነው የፖሊዮ ዓይነት እንዳለ፣ ያንን የሚሸፍነው መርፌው እንደሆነ አውቃለሁ። እግሩ የሰለለ ልጅ እስካሁን አልሰማሁም። ይህ የእኔ ንጽሕና ነው ወይስ የእግዚአብሔር ቸርነት? ልጅ ሲያነክስ ባየሁ ቁጥር እሾህ ወግቶት መሆኑን እስካውቅ ልቤ ቀጥ ትላለች።

እዚህ ላይ ባበቃ ደግ ነበር። አላበቃም።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እታለምን ቀየት ገበያ አገኘኋት። የበግ ፀጉር ፈትል ትሸጣለች። ተነሥታ ሰላም አለችኝ፤ እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

«ጋሽ ተክሌ፣ ጾሙ ሳይገባ ይቅር ይበሉኝ። ያኔ ስምዎን አጥፍቻለሁ። በረዶ ያየሁ መስሎኝ ነበር እኮ። ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሌላ ሰው ካላየልኝ አላምንም።»

ምን ማለት ነበረብኝ? ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀው ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያልኩት ግን «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እታለም» ነው። ይቅር አልኳት! እኔ እሷን! ጉልበቴን ልትስም ዝቅ ስትል እንደ ደግ ሽማግሌ ትከሻዋን ይዤ አቀናኋት። እፎይ ብላ ወደ ፈትሏ ተመለሰች።

ሥራዋንና ስሟን ቀደም ብዬ ወስጄባታለሁ። የዚያን ቀን ዓይኗንም ወሰድኩባት፤ ልመልስላት ስችል እጄ ላይ ጥላው ሄደች።

ይቅርታ አልለምናችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። እታለም ልክ ነበረች፤ በረዶ ነበር። ይህን ለእናንተ መጻፍ ቀሎኛል፤ ለእሷ መንገር ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም። አልቻልኩም ማለቴም ውሸት ነው። አልነገርኳትም።